እህቴ የቀዳችው ካሴት

በእጄ የያዝኩት ካሴት ነው። ከኋላ ለተቀመጣችሁ ላይታይ ይችላል። ባለ 60 ነው፣ በአንድ ፊት 30 ደቂቃ ይይዛል። ልባሱ ተሰንጥቋል። ወረቀቱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አምስት የዘፈን ስም ተጽፎ ነበር፤ ሁለቱ ደብዝዘዋል፣ ሦስቱ ይነበባሉ። ጽሕፈቱ የታላቅ እህቴ ነው። ከላይ ጠርዙ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የተቀዳው እንዳይጠፋ የምትሰበረው ጥርስ የነበረችበት ቦታ ነው። አንደኛው ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። እህቴ አንድ ቀን «ይሄ ከዚህ በኋላ አይነካም» ብላ ጥርሱን ሰብራዋለች፤ ቆይታ ደግሞ ይበልጥ የወደደችው ዘፈን መጣና ሐሳቧን ለወጠች ማለት ነው።

ያኔ እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። ቤታችን ውስጥ በገመድ ከሬዲዮ የሚቀዳ ቴፕ አልነበረም። ቴፑን ሬዲዮው ፊት አስጠግታ ታስቀምጣለች፤ ሁለት ጣቷን ሁለቱ ቁልፎች ላይ ታሳርፋለች፤ አስተዋዋቂው የዘፈኑን ስም ጠርቶ ዝም እስኪል ትጠብቃለች። እኔን «ትንፍሽ እንዳትል» ትለኛለች፤ እውነትም ትንፋሼን እይዝ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ በሩ ሲጥ ይላል። የእናቴ ድምፅ «ምነው ቤቱ ጭር አለሳ? የት ናችሁ?» ይላል። እህቴ «እሽሽ! እማዬ!» ትላለች። ከዚያ እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትስቅ ይሰማል፣ በሩ ቀስ ብሎ ይዘጋል፣ ዘፈኑ ይቀጥላል። ሁሉም ተደምሮ አሥር ሰከንድ አይሞላም።

እናቴ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል።

ያን ዘፈን ዛሬ ስልኬ ላይ አገኘዋለሁ። ጥርት ያለ ነው፤ ያኔ ሰምቼው የማላውቀው ቤዝ ጊታር ሳይቀር ይለያል። ግን ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ጆሮዬ በሩን ይጠብቃል። በሩ አይከፈትም። ዘፈኑ ያልፋል፣ እኔ እዚያው ቆሜ እቀራለሁ።

ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ነገር ለመናገር ነው። ፈረንጆቹ 1980ዎቹ የሚሏቸው፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1982 ግድም ያሉት ዓመታት ዘፈናቸውና ቴሌቪዥናቸው ናፈቀን እንላለን። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘፈኖቹ ግን የትም አልሄዱም። እንዲያውም የዛሬን ያህል ቅርባችን ሆነው አያውቁም። ታዲያ በእጅ ያለ ነገር እንዴት ይናፍቃል? እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፦ የሚናፍቀን የራሳችን ቅጂ ነው። ጣታችን ያረፈበት፣ የቤታችን ድምፅ የገባበት፣ መጀመሪያው ትንሽ የተቆረጠው፣ መጨረሻው ላይ አስተዋዋቂው ዘሎ የገባበት ያ ቅጂ።

ይህን ያለው የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የሚባል ወጣት የሕክምና ተማሪ ለባዝል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከአገራቸው የራቁ ስዊሳውያንን የሚያመነምን ሕመም አለ ብሎ ጻፈ። «ወደ ቤት መመለስ» እና «ሕመም» የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ ኖስታልጂያ አለው። በዚያ ዘመን ናፍቆት የሐኪም ጉዳይ ነበር። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ በሙዚቃ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ስለ ስዊስ እረኞች የላም መጥሪያ ዜማ ጻፈ። በባዕድ አገር የሚያገለግሉት የስዊስ ወታደሮች ይህን ዜማ ሲሰሙ ያለቅሳሉ፣ ይከዳሉ፣ ይሞታሉ፤ ስለዚህ በመካከላቸው እንዳይሰማ በሞት ቅጣት ተከልክሎ ነበር ይላል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሩሶ ዜማውን ራሱን ሲመረምረው ያን የሚያህል ኃይል አላገኘበትም። ሌላ አገር ሰው ቢሰማው ምንም አይሰማውም። ኃይሉ የመጣው ከልማድና ከትውስታ ነው፤ ዜማው እዚህ ላይ የሚሠራው እንደ ሙዚቃ ሳይሆን እንደ ማስታወሻ ምልክት ነው አለ።

አማርኛ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ትዝታ ስንል ትውስታውም፣ ናፍቆቱም፣ ቅኝቱም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ክራር የሚገርፍ ሰው ጣቱን ትዝታ ላይ ሲያሳርፍ፣ ገና ግጥም ሳይጀመር ሰሚው ወደ ራሱ ሰው ሄዷል። የማንም ትዝታ ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ትዝታ ጋር አንድ አይሆንም፣ ዜማው ግን አንድ ነው።

አጥኚዎችም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ሰው ዕድሜውን ወደ ኋላ ሲቆጥር ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመቱ ያለው ጊዜ ከሌላው ይልቅ ተጨናንቆ ይመጣለታል። ሞሪስ ሆልብሩክና ሮበርት ሺንድለር በ1989 ባወጡት ጥናት ከተለያየ ዕድሜ የመጡ ሰዎችን የየዘመኑን ዘፈን አሰምተው ነበር፤ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው 24 ዓመት ገደማ ሳለ የወጣውን ሆኖ ተገኘ። ካሮል ክሩምሃንስልና ጀስቲን ዙፕኒክ ደግሞ በ2013 ሌላ ነገር አሳዩ። ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ወጣቶች በገዛ ዘመናቸው ዘፈን ብቻ ሳይሆን ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ዘመን ዘፈንም ልባቸው ይነካል። ይህ ለእኔ አዲስ ወሬ አልነበረም። እኔ ራሴ የእህቴን ዘፈን እንጂ የራሴን አይደለም የማፈቅረው። ዘጠኝ ዓመት ልጅ የራሱ ዘፈን የለውም፤ ከታላቆቹ ተቀብሎ ነው የሚያዜመው።

ስለ ካሴቱ ትንሽ ልቆይ። ፊሊፕስ ካሴትን ለሕዝብ ያሳየው በ1963 በርሊን ላይ ነው። ሥራውን የመራው ኢንጂነር ሉ ኦተንስ ከሁሉ በፊት ኮት ኪስ ውስጥ የሚገባ እንጨት አስቆርጦ፣ «የምንሠራው ከዚህ አይበልጥም» ብሎ መነሳቱ ይነገራል። በዚህ በያዝኩት ባለ 60 ውስጥ 86 ሜትር ያህል ክር አለ፤ ክሩ ስፋቱ አራት ሚሊሜትር አይሞላም፣ በሰከንድ አምስት ሴንቲሜትር እንኳ አይጓዝም። ክሩ ሲላላ እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ አስገብታችሁ ያዞራችሁ ሁሉ ያንን ቀርፋፋ ጉዞ በጣታችሁ ታውቁታላችሁ። ቴፑ ካሴት ሲበላ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ የተጨማደደውን በጥፍር ማቃናት፣ የተበጠሰውን በፕላስተር መቀጠል። ከዚያ በኋላ ያ ቦታ በደረሰ ቁጥር ዘፋኙ እንደ መደናቀፍ ይላል፣ እኛም አብረነው እንደናቀፋለን። ዘፈንን በእጃችን የጠገንንበት ዘመን ያ ብቻ ነው። ዛሬ ዘፈን ሲቋረጥ ኔትወርክ እንጠብቃለን።

ሶኒ ዎክማን የተባለውን ይዘውት የሚዞሩትን ትንሽ ካሴት ማጫወቻ በሐምሌ 1979 ሲያወጣ የመጀመሪያው ሞዴል ሁለት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ነበረው። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ ሰው ብቻውን ጆሮውን ደፍኖ መስማቱ ነውር እንዳይሆን ሰግቶ ነው። ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረችው፤ እሷን ስትጫኑ ሙዚቃው ዝቅ ይልና አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚናገረው በማይኩ በኩል ይሰማችኋል። ሁለቱም በኋላ በወጡት ሞዴሎች ላይ ተተዉ። የተሠራው መሣሪያ ሰውን ከሰው እንደሚለይ ሠሪዎቹ ገና ከመነሻው ጠርጥረው ነበር።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ። የ80ዎቹን ዘፈን በሦስት ሰከንድ የምትለዩት በድራሙ ነው። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ እንደተመታ ይገዝፋል፣ ከዚያ ማስተጋባቱ ሟሽሾ ሳይጠፋ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ይላል። ይህ ድምፅ የተገኘው ለንደን፣ ታውንሃውስ ስቱዲዮ ውስጥ የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የፒተር ጋብርኤል ሦስተኛ አልበም ሲቀዳ ነው። ድራም ላይ የነበረው ፊል ኮሊንስ፣ ቀጂው ሂዩ ፓጃም ነበሩ። ስቱዲዮው ውስጥ፣ ሙዚቀኞቹ ከመስታወቱ ማዶ ላለው ቀጂ ሲናገሩ እንዲሰሙ ብቻ የተሰቀለ ማይክ ነበር። ሹክ ያለውም የጮኸውም እኩል እንዲሰማ ድምፅን አጥብቆ የሚጨፈልቅ መሣሪያ ተያይዞበታል። ለሙዚቃ ተብሎ አልተሠራም። አንድ ቀን ማይኩ ክፍት ሳለ ኮሊንስ ድራሙን ይመታል፣ በዚያ ተራ የመነጋገሪያ ማይክ በኩል የመጣው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ያ መስመር እንዲቀዳ ተደርጎ ስላልተዘረጋ ገመዱን ለውጠው አስቀዱት። በ1981 ኮሊንስ በራሱ የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈን ላይ ተጠቀመበት፣ ከዚያ ዓለም ሁሉ ተከተለው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ዘመን ሙሉ መለያ ድምፅ፣ ለወሬ የተሰቀለ ማይክ ሳይታሰብ የያዘው ነው። የእናቴም ድምፅ በዚያው መንገድ ነው ካሴቱ ላይ የገባው። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ ሲያወጣ ብዙ ሙዚቀኞች ፋብሪካው የጫነውን ድምፅ እንዳለ ስለተጠቀሙ፣ ያ ብርጭቆ የመሰለ የኤሌክትሪክ ፒያኖ በየፍቅር ዘፈኑ ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ይሰማል። እሱንም እወደዋለሁ። ግን ልብ ውስጥ የሚቀረው ያልታቀደው ነው።

ቴሌቪዥኑ ሌላ መንገድ ነበረው። ዘፈን ወደ ካሴት ይገባል፤ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ግን ቪዲዮ ዴክ የሌለው ቤት ውስጥ ካለፈ አለፈ ነው። በመጋቢት 1980 የአሜሪካው ተከታታይ ድራማ ዳላስ ዋናው ሰውዬ ተመትቶ ሲወድቅ አሳይቶ ተዘጋ። ማን እንደተኮሰበት የታወቀው ኅዳር 21 ነው። ስምንት ወር! ያን ምሽት በአሜሪካ ብቻ ወደ 83 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው። ጃፓን ውስጥ ኤንኤችኬ ከ1983 እስከ 1984 ያሳየው ኦሺን፣ እያንዳንዱ ክፍል 15 ደቂቃ የሆነ፣ 297 ክፍል ነበረው፤ በኋላ ከ60 በላይ አገሮች አዩት። የአንዲት ድሃ ልጅ ኑሮ ነው፤ ኢራንም ግብፅም ሰው አልቅሶላታል። ሕንድ ውስጥ በ1987 እና በ1988 እሑድ ጠዋት ራማያን የተባለው የሂንዱ ሃይማኖታዊ ታሪክ ድራማ ሲታይ ጎዳናው ባዶ ይሆን ነበር፤ ቴሌቪዥኑን በአበባ አስጊጠው፣ ጫማ አውልቀው የሚመለከቱም ነበሩ።

ጎረቤት ቤት ተሰብስቦ ቴሌቪዥን ማየት ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ወለል ላይ፣ ትልቅ ሰው ወንበር ላይ፣ አንድ ሰው አንቴናውን ይዞ ውጭ። «መጣ?» «ትንሽ ወደ ግራ!» «ሄደ ሄደ፣ መልሰው!» እያሉ። ከማያ ገጹ ይልቅ የማስታውሰው ከፊቴ የተቀመጡትን ሰዎች ጀርባ ነው። ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚስቅ፣ ማን የሚያሳዝን ቦታ ሲደርስ ውሃ ልጠጣ ብሎ እንደሚነሳ። የድራማውን ታሪክ ዛሬ ብትጠይቁኝ ግማሹን ረስቼዋለሁ።

ሙዚቃና ቴሌቪዥን የተጋቡት ደግሞ በዚያው ዘመን ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1981፣ ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲያልፍ፣ የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤምቲቪ ሥራ ጀመረ፤ ቀኑን ሙሉ የሙዚቃ ክሊፕ ብቻ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግንቦት 16 ቀን 1983 በተላለፈው የሙዚቃ ኩባንያው የሞታውን 25ኛ ዓመት ዝግጅት ላይ ማይክል ጃክሰን ወደ ኋላ ተንሸራተተ። የጥቂት ሰከንድ እርምጃ ናት። በነጋታው የዓለም ልጅ ሁሉ ካልሲውን አድርጎ የቤቱን ወለል ሲፍቅ ዋለ።

አሁን ስለ እኛ ልናገር፤ ይህን ሳልል ስለዚያ ዘመን ብጨርስ ያላግባብ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1984 ቢቢሲ የማይክል በርክን የረሃብ ዘገባ ከኮረም አስተላለፈ፤ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ያን ያየው ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር ለተራቡት የእርዳታ ዘፈን ጻፈ፤ ኅዳር 25 ቀን ለንደን ውስጥ የዘመኑ ታዋቂዎች ተሰብስበው በአንድ ቀን ቀዱት። ጥር 1985 አሜሪካኖቹ የራሳቸውን ቀዱ። ሐምሌ 13 ቀን 1985 ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ዌምብሊና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን ተካሄደ፣ በሳተላይት ለዓለም ተላለፈ።

ለብዙ የዓለም ሰው ይህ ከዘመኑ ሁሉ ብሩህ ትዝታ ነው፤ የት ሆነው እንዳዩት ይነግሯችኋል። እኔ አልቀናባቸውም፣ ገንዘብ ላወጣውም አመሰግናለሁ፤ በዚያ ገንዘብ የተረፈ ነፍስ አለ። ግን ዘፈኖቹ በሬዲዮ ሲመጡ እኔ ድምፁን እቀንሳለሁ። የመድረኩን ብርሃን እነሱ አስታውሰውታል፤ እኛ በዚያው ስክሪን ላይ የታየውን ፊት ነው የምናስታውሰው። የመጀመሪያው ዘፈን ርዕስ እነዚያ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ክርስትና አክሱም የገባው በአራተኛው መቶ ዓመት ነው፤ ወሎ ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚኖርበት ምድር ነው። የገናን ቀን የማያውቅ በመካከላቸው አልነበረም። አንድ ዘፈን ለአንዱ የደስታ፣ ለሌላው የለቅሶ ምልክት ይሆናል። ሩሶ ያለውም ይህንኑ ነበር። ስለዚህ «ያ ዘመን እንዴት ደስ ይል ነበር» የሚል ሰው ሳገኝ፣ የማንን ዘመን እንደሚል እጠይቀዋለሁ።

ወጣቶች እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልበል። በ1985 የወጣው የኬት ቡሽ ዘፈን ያኔ በብሪታንያ ሰንጠረዥ ሦስተኛ ድረስ ነበር የወጣው። በ2022 በአንድ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ሲገባ፣ ከ37 ዓመት በኋላ አንደኛ ሆነ። የማሪያ ታኬኡቺ የ1984 ዘፈን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጃፓንኛ በማይሰሙ ልጆች በኩል በዩቲዩብ ዓለምን ዞረ። የኔ እኩዮች ይህን ሲያዩ «ያልኖሩበትን ምን ይናፍቃሉ» ይላሉ። አይገባኝም። እኔስ የእህቴን ዘፈን ስወስድ ማን ከለከለኝ? የዛሬ ዘፈን ሞቷል የሚሉትንም አልስማማባቸውም። ያኔም ብዙ ደካማ ዘፈን ነበር፤ አንቀዳውም ነበር፣ ስለዚህ ዛሬ የለም። አርባ ዓመት ያጣራውን ካለፈው ሳምንት ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን የመጣሁበት ዋና ጉዳይ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ መዝገብ ቤት በ2015 አስጠንቅቆ ነበር፦ እስከ 2025 ወደ ዲጂታል ያልተገለበጠ የማግኔት ክር በአብዛኛው ይጠፋል። ክሩ ላይ ዱቄቱን የያዘው ሙጫ ያረጃል፤ ከዚህም በላይ ማጫወቻው ይጠፋል፣ የሚጠግነው ሰውም አብሮ። የታዋቂው ዘፈን ያን ያህል አያሳስበኝም፤ ቅጂው በብዙ እጅ አለ። የሚያሳስበኝ በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ያለው፣ አንድ ብቻ የሆነው፣ ማንም ሌላ የማያስቀምጠው ቅጂ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ አውርዱት። ከሙቀትና ከድምፅ ማጉያ ማግኔት አርቁት፣ አቁማችሁ አስቀምጡት። ከማጫወታችሁ በፊት ዳር እስከ ዳር አንዴ በቀስታ አጠንጥኑት። የቴፑን ራስ አጽዱ፤ የቆሸሸ ራስ ክሩን ይጎዳል። ስትገለብጡት ፊቱን በሙሉ ገልብጡት፤ ዝምታውን፣ ማስታወቂያውን፣ የቁልፉን ቀጭ ማለት ጨምሮ። ሹሹታውን አጥፉልኝ ብላችሁ ለባለሙያ እንዳትሰጡ። ሹሹታውን የሚጠርገው ፕሮግራም የበሩን ሲጥታም ይጠርጋል። ወረቀት ላይ ደግሞ በየደቂቃው የሚናገረው ማን እንደሆነ ጻፉ፤ የሚያውቀው ሰው ሳለ።

እኔ ይህን ካሴት ለመገልበጥ ብዙ ዘገየሁ። ይበጠሳል ብዬ ፈራሁ። ባለፈው ወር ግን እህቴ መጣች፣ አብረን ተቀመጥን፣ አርባ ዓመት ባልነካችው እጅ እሷው ቁልፉን ተጫነችው። ሦስተኛው ዘፈን ሲደርስ፣ ሳትታወቃት፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ቴፑ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ነው። እህቴም ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ ስሟን እንዳልጠራ ለምናኛለች። አሁን ልክፈተው። ጥቂት ሹሹታ ይቀድማል፣ ከዚያ ዘፈኑ ይጀምራል። እባካችሁ ትንሽ ዝም በሉልኝ፤ እማዬ የምትገባው ሁለተኛው ስንኝ እንዳለቀ ነው።